የሐዋ ግጥምና የነቃው ጥጥ

ጠጋ በሉ፣ ልጆች! ጠጋ ጠጋ! ስለ አንዲት ጉረኛ ልጅ ላወራችሁ ነው።

ስሟ ሐዋ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ አፏ ግን አያርፍም።

የምትኖረው ደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። እዚያ ንፋስ ሲመጣ የቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ «ቋ! ቋ! ቋ!» ይላል።

የሐዋ አባት ይመር ይባላል። ይመር ፍራሽ አዳሽ ነው።

ጠዋት ጠዋት ረጅሙን ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይወጣል። «ፍራሽ አዳሽ! ፍራሽ አዳሽ!» እያለ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል።

የማን ፍራሽ ጎደጎደ? የማን ፍራሽ ጎረበጠ? ይመር ቁጭ ይልና ስፌቱን ይተረትራል፤ ጥጡንም ከውስጥ ጎትቶ ያወጣዋል።

ጥጡን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ከዚያማ በዱላው መምታት ነው!

«ጧ! ጧ! ንቃ! ንቃ!»

«አባ፣ ለምንድነው ንቃ የምትለው?» ትለዋለች ሐዋ።

«ጥጥ አያረጅም፣ ልጄ። ሰው ሲተኛበት እሱም አብሮ ይተኛል። እኔ ደግሞ እቀሰቅሰዋለሁ።»

እውነትም ያ እንደ ጓል የደረቀ ጥጥ ይነሣል፣ ይነፋል፣ ከፍ ከፍ ይላል። ሐዋም አብራ ትጮኻለች።

«ጧ! ጧ! ንቃ! ንቃ!»

በሉ አሁን ወደ ጉዳዩ እንምጣ።

ሰኞ ዕለት ቲቸር እልፍነሽ ክፍል ገቡ። ቲቸር እልፍነሽ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናቸው።

«ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው» አሉ። «ከክፍላችን አንድ ልጅ ራሱ የጻፈውን ግጥም ያነባል። ማን ይጽፋል?»

«እኔ! እኔ! ቲቸር፣ እኔ!» ሐዋ እጇን ስታወጣ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«ግጥም ጽፈሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም! ግን እችላለሁ!»

ቲቸር እልፍነሽ ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ አንቺ ነሽ» አሉ።

ሐዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ አልተራመደችም፤ ዘለለች። ላገኘችው ሰው ሁሉ ነገረች።

ለባለ ሱቁ ነገረች። ለባጃጅ ነጂው ነገረች። አጥር ላይ ለተኛችው ድመትም ነገረች።

«ቅዳሜ ግጥም አነባለሁ! የኔ ግጥም ከሁሉም ይበልጣል!»

ድመቷ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየቻትና መልሳ ተኛች።

ቤት ስትደርስ ለእናቷ ለከድጃ ነገረች። ለአባቷም ነገረች። እዚያው ግቢ ለሚኖሩት ለእማማ ጥሩሰውም ነገረች።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ እማማ ጥሩሰው። «የክት ቀሚሴን ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው!»

«እኔም ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ» አለ አባቷ።

«እኔማ ማን ይቀድመኛል!» አለች እናቷ።

አያችሁ፣ ልጆች? ሰዉ ሁሉ ሊመጣ ነው። ግጥሙ ግን ገና የለም!

ሐዋ ደብተሯን ገለጠች። እርሳሷን ነከሰች። ጣሪያውን አየች። ግጥም የለም!

«ግጥም ትልቅ ነገር ነው» አለች ለራሷ። «ስለዚህ ስለ ትልቅ ነገር ነው የሚጻፈው። ከሁሉም ትልቁ ምንድነው? ባሕር!»

ወዲያው ጻፈች፦ «ባሕር ሆይ፣ ባሕር ሆይ፣ አንተ ትልቅ ባሕር።» ሮጣ ለአባቷ አነበበችለት።

ይመር አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ጥሩ ነው። ለመሆኑ ባሕር ምን ምን ይሸታል?»

«እ… ዓሣ ዓሣ?»

«ድምፁስ? ምን እያለ ነው የሚጮኸው?»

ሐዋ ደብተሯን ዝቅ አደረገች። ባሕር አይታ አታውቅም። አባቷም አይቶ አያውቅም።

«እኔ እንጃ፣ አባ» አለች።

«እኔም እንጃ፣ ልጄ» አለ አባቷ።

እርሳሷን ነከሰች። ጣሪያውን አየች። ግጥም የለም!

ማክሰኞ ሌላ ሐሳብ መጣላት። «አንበሳ! አንበሳን የሚያህል ምን አለ?»

ጻፈች፦ «አንበሳ ሆይ፣ አንበሳ ሆይ፣ አንተ ኃይለኛ አንበሳ።» እማማ ጥሩሰው በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ሄዳ አነበበችላቸው።

«አንበሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አዎ!»

«የት?»

«ብርድ ልብሳችን ላይ!»

እማማ ጥሩሰው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እሱስ የኔም ብርድ ልብስ ላይ አለ! ታዲያ ምን አደረገሽ? ነከሰሽ?»

«አይ… አሞቀኝ።»

«ኃይለኛ ነው ብለሽ ጻፍሽው፤ እሱ ግን የሚያሞቅ ነው!» ብለው እንደገና ሳቁ።

ሐዋ አልሳቀችም። ወረቀቱን ጭብጥ አድርጋ ጣለችው።

እርሳሷን ነከሰች። ጣሪያውን አየች። ግጥም የለም!

ረቡዕ ደግሞ ስለ ጨረቃ ልትጽፍ ብላ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። የደሴ ጉም መጣና ጨረቃዋን ሸፈናት፤ የጎረቤቱን አጥር ሸፈነው፤ የሐዋን የጫማ ጫፍ ሳይቀር ሸፈነው።

«ጨረቃ ሆይ፣ የት ነሽ?» አለች። ጨረቃ መልስ አልሰጠችም።

ሐሙስ ጠዋት ቲቸር እልፍነሽ ጠሯት። «ሐዋ፣ ግጥሙስ?»

«እየመጣ ነው፣ ቲቸር!»

«ከየት?»

«እ… መንገድ ላይ ነው!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የሐዋ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ሐሙስ ማታ ሐዋ እናቷ ጉያ ውስጥ ገባች። «እማ… ቅዳሜ ብታመምስ?»

«ምንሽን?»

«ሆዴን።»

«ምን ጉድ ነው! ቅዳሜ የሚያምሽን ከዛሬ አወቅሽው?»

ይኼኔ ሐዋ ለቅሶዋን ለቀቀችው። «ግጥም አልመጣልኝም! ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ! ሰው ሁሉ ሊመጣ ነው! ሁሉም ይስቅብኛል!»

ከድጃ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችላት። «አፍሽ ቀድሞሽ ነው፣ ልጄ። እግርሽ ደግሞ ይደርስበታል። አሁን ተኚ።»

ዓርብ ደረሰ። ልጆች፣ ዓርብን ነው እንግዲህ መስማት ያለባችሁ!

ዓርብ ከሰዓት ይመር የሚያድሰው የእማማ ጥሩሰውን ፍራሽ ነበር። ስፌቱን ተረተረው። ጥጡን አወጣው። ግቢው መሐል ሸራ ዘርግቶ አሰጣው።

«ጧ! ጧ! ንቃ! ንቃ!»

ጥጡ ነቃ! አበጠ! የሐዋን ወገብ እስኪያክል ድረስ ተቆለለ።

ይመር በላዩ ላይ ስስ አሮጌ መጋረጃ አለበሰው። በአራቱም ጠርዝ አራት ድንጋይ አስቀመጠ። አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት!

«ሐዋ» አለ። «የአስር ሰላት ደርሷል፤ ሰግጄ መጣሁ። እነዚህን ድንጋዮች እንዳትነኪያቸው፣ እሺ?»

«እሺ፣ አባ!»

ሐዋ ከጥጡ አጠገብ ተቀመጠች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ገለጠች። እርሳሷን ነከሰች። ሰማዩን አየች።

ንፋስ መጣና ገጿን ገለበጠው። ፈር! መለሰችው። እንደገና ገለበጠው። ፈር! ፈር!

«ኧረ ተወኝ!» አለችው ንፋሱን። «ልጽፍ ነው እኮ!»

ፈር! ፈር! ፈር!

ሐዋ ዞር ዞር ብላ አየች። ገጹን የሚይዝላት ነገር ፈለገች። እና… ድንጋዩን አየችው።

«አንዱን ብቻ» አለች። «ሦስቱ ይበቃዋል።»

አይ ሐዋ! አይ ሐዋ! ድንጋዩን አንሥታ ደብተሯ ላይ አደረገችው።

ያኔ ከጦሳ ተራራ አናት ላይ ትልቁ ንፋስ ተነሣ።

«ፉውውውውው!»

ቆርቆሮው «ቋ! ቋ! ቋ!» አለ። መጋረጃው በአንድ ጎኑ ብድግ አለ። ሌሎቹ ድንጋዮችም ተንከባለሉ።

ጥጡስ? ጥጡማ በረረ!

ወደ ላይ በረረ! ወደ ጎን በረረ! ወደ ኩሽና ገባ፤ በመስኮት ወጣ!

«ወየው! ወየው ጉዴ!» ሐዋ እጇን ዘርግታ ሮጠች። አንዱን ስትይዝ አሥሩ አመለጣት።

እማማ ጥሩሰው በሩን ከፍተው ወጡ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ፍራሼ! ፍራሼ ሲበር አየሁት!»

«ዛሬ ምን ላይ ልተኛ ነው?» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ራሳቸው ላይም ጥጥ ነበር።

ይመር ሰላቱን ጨርሶ ብቅ አለ። ግቢውን አየ። ሰማዩን አየ። ከዚያም ሐዋን አየ።

ሐዋ ድንጋዩን ወደ ቦታው ልትመልስ ከደብተሯ ላይ አንሥታ፣ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «አባ… እኔ ነኝ። ነክቼዋለሁ። አንዱን ብቻ ነው ግን…» አለችና እንባዋ ወረደ።

ይመር ድንጋዩን ከእጇ ተቀበላት። አንድ የጥጥ ብናኝ ቀስ ብላ ወርዳ አፍንጫው ላይ አረፈች።

«ሐፕ… ሐፕ… ሐፕ-ጪው!»

ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «ነቅቷል አላልኳችሁም? ይኸው ነቅቶ ለሽርሽር ወጣ!»

እማማ ጥሩሰውም ሳቁ። «አንተ ሰው፣ ፍራሽ አድስልኝ አልኩህ እንጂ ክንፍ አብጅለት አልኩህ?»

«በሉ፣ ከመምሸቱ በፊት እንልቀም!» አለ ይመር። «ሐዋ፣ አንቺ ፊት ፊት ሂጂ። የት የት እንዳለ እየጮኽሽ ንገሪን።»

ሐዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ጆንያ አነሣች። ፈለገች።

«አባ፣ ዶሮዋን እያት! ጺም አውጥታለች!»

እውነትም ዶሮዋ መንቁሯ ሥር ነጭ ጥጥ ተንጠልጥሎባት እንደ ሽማግሌ ትንጎራደድ ነበር። ከድጃ ቀስ ብላ ጺሟን ወሰደችባት።

«አባ፣ በጉ ሁለት ጭራ አለው!»

ግንቡ ሥር የታሰረው በግ ከኋላው ጥጥ ለጥፎ ቆሟል። አንዱን ጭራ ይመር ነቀለለት፤ በጉም «ባዕዕ!» አለ።

«እማማ! እማማ ጥሩሰው! በርበሬዎ አረጀ! ሸበተ!»

እማማ ጥሩሰው ሰሌን ላይ ያሰጡትን ቀይ በርበሬ ሮጠው አዩት። ሁሉም ላይ ነጭ ነጭ ነገር አርፎበታል።

«በርበሬው ሸበተ!» አሉ፤ ሳቃቸውም አላቆም አለ። «ይቺ ልጅ! ስንት ዓመት በርበሬ አሰጥቻለሁ፤ ሲሸብት ዛሬ ገና አየሁ! እስቲ ድገሚው!»

«በርበሬው አረጀ፣ ሸበተ» አለች ሐዋ።

«ከዶሮዋ ጀምረሽ ድገሚው!»

«ዶሮዋ ጺም አላት… በጉ ሁለት ጭራ… በርበሬው አረጀ…»

እማማ ጥሩሰው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ታዲያ ይኼ ምን ሆነና ነው ግጥም የለኝም ብለሽ የምታለቅሺው?»

ሐዋ ቆመች። ጆንያው ከእጇ ወደቀ።

«ይኼ… ግጥም ነው?»

«ሌላ ምን ሊሆን ነው!»

«ግን እማማ፣ ስለ ፍራሽ ግጥም ይጻፋል እንዴ?»

«ለምን አይጻፍም? ንጉሥም ቢሆን ማታ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው። ባሕር ላይ የሚተኛ ማነው?»

ሐዋ ወደ ደብተሯ ሮጠች። እርሳሷን አልነከሰችም። ሰማዩንም አላየችም። ግቢውን አየች!

«የየመስመሩ መጨረሻ ደግሞ ቤት መምታት አለበት» አሉ እማማ ጥሩሰው ጥጥ እየለቀሙ። «ነቃ ብለሽ ስትጽፊ…»

«በቃ!» አለች ሐዋ።

«ጭራ ብለሽ ስትጽፊ…»

«በተራ! ሸበተ በተራ!»

«እሰይ! ያዘችው!» አለ አባቷ ከግንቡ ላይ ሆኖ።

ጥጡ ተለቀመ። ትንሽ ብቻ ቆርቆሮው ላይ ቀረ፤ እሱን ወፎች ይጠቀሙበት ተባለ። ይመርም ጥጡን መልሶ ጨርቁ ውስጥ ጠቀጠቀና በረጅሙ መርፌ መስፋት ጀመረ።

ሐዋ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን አየችው። ስንት ጊዜ ይዛው ሄዳለች፤ እንዲህ ግን አይታው አታውቅም።

መዳፉ ሻካራ ነበር። ጣቶቹ ላይ ትንንሽ ጥቋቁር ነጥቦች ነበሩ፤ መርፌ የወጋቸው ቦታዎች ናቸው።

«አባ፣ ያምሃል?»

«ድሮ ያመኝ ነበር። አሁን መርፌው ነው የሚያመው!» ብሎ ሳቀ።

«የስንት ሰው ፍራሽ ሰፍተሃል?»

ይመር መርፌውን አቁሞ አሰበ። «እዚህ ሰፈር ያልሰፋሁለት ያለ አይመስለኝም። የባለ ሱቁንም፣ የባጃጅ ነጂውንም፣ የቲቸር እልፍነሽንም እኔ ነኝ ያደስኩት።»

«ሁሉም አሁን የሚተኙት ባንተ ፍራሽ ላይ ነው?»

«በኔ ነዋ!»

ሐዋ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ጥጡ ብድግ አለ። ኩራት ነበር። አጎንብሳ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ሞላ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ፊኛ ተሰቅሏል። ድምፅ ማጉያው «ኩውውው!» ይላል።

እማማ ጥሩሰው የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከድጃ አጠገባቸው ናት። ይመር ግን የለም!

ከአንደኛ ክፍል የመጣው ልጅ ስለ አንበሳ አነበበ። ከሦስተኛ ክፍል የመጣችውም ስለ አንበሳ አነበበች። ከአራተኛ ክፍል የመጣውም… አዎ፣ ስለ አንበሳ።

«አሁን ደግሞ ከሁለተኛ ክፍል፣ ሐዋ ይመር!» አሉ ቲቸር እልፍነሽ።

ሐዋ መድረኩ ላይ ወጣች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ያዘች። አባቷን በዓይኗ ፈለገች፤ አጣችው።

ያኔ በበሩ በኩል አንድ ሰው እየሮጠ ገባ። ዱላው ትከሻው ላይ ነው። ፀጉሩ ላይ ጥጥ አለ።

ይመር ነበር! ከሥራ ሲሮጥ መምጣቱ ነው። ወንበር ስላጣ ከኋላ ካሉት ድንጋዮች አንዱ ላይ ተቀመጠ።

ሐዋ ትንፋሿን ሳበች። ጮክ ብላ ጀመረች።

«ጧ ጧ አለ ዱላው፣ ጥጡ ከእንቅልፍ ነቃ፤
የጦሳ ንፋስም ይዞት ሄደ በቃ።»

ልጆቹ ቀና አሉ። አንበሳ አይደለም እንዴ? አይደለም!

«ዶሮዋ ጺም አላት፣ በጉ ሁለት ጭራ፤
በርበሬው አረጀ፣ ሸበተ በተራ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ባለ ሱቁ ሳቀ፤ ባጃጅ ነጂው ሳቀ፤ እማማ ጥሩሰው «በርበሬው የኔ ነው! የኔ ነው!» እያሉ ለጎረቤታቸው ነገሩ።

ሐዋ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበች።

«የአባቴ እጅ ሻካራ፣ ጣቱም የተወጋ፤
ሰፈሩን ያስተኛል ሌሊቱ እስኪነጋ።»

ቲቸር እልፍነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ይመር እጆቹን አየ፤ ገለበጣቸውና አየ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አስቀመጣቸው።

ሐዋ ቀና አለች። ወረቀቱንም አላየችም። አባቷን እያየች ጮኸች።

«ስሙን እወቁልኝ፣ ጥሩት እንደገና፤
ፍራሽ አዳሽ ይመር የኔ አባት ነውና!»

መጀመሪያ ልጆቹ ጠሩት። «ይመር!»

ቀጥሎ እናቶችና አባቶች ጠሩት። «ይመር! ይመር!»

ይመርም ከድንጋዩ ላይ ብድግ ብሎ በትልቁ መለሰ። «አቤት!»

እልልታውን ብትሰሙት! እማማ ጥሩሰው እልል፣ ከድጃ እልል! ጭብጨባው ጦሳ ተራራ ደርሶ ተመለሰ።

ይመር ወደ መድረኩ መጥቶ ሐዋን ከመሬት አነሣት። ትከሻው ላይ፣ ዱላው በሚሆንበት ቦታ ላይ አስቀመጣት። ዱላውን እማማ ጥሩሰው ያዙለት።

«ልጄ ናት» አለ ለባለ ሱቁ። «ልጄ ናት» አለ ለባጃጅ ነጂው። ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ እሱ ግን ነገራቸው።

ሐዋም ከላይ ሆና ሰዉን ሁሉ እያየች ሄደች። ልጆች፣ ያን ቀን አንድም ጉራ አልነዛችም። መንገዱን ሙሉ የሚያወራው አባቷ ነበር!

ማታ ሐዋ ፍራሿ ላይ ጋደም አለች። ያ አንበሳ ያለበት ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ደረሰ።

ይመር አጠገቧ ተቀመጠ። «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።»

ሐዋ ደገመችለት።

«ተኚ እንግዲህ… ቆይ ግን፣ አንዴ ብቻ።»

ደገመችለት።

«የመጨረሻ! የመጨረሻ ነው፣ እውነቴን ነው።»

ሐዋ ዓይኖቿን ጨፍና ጀመረች። ስለ ዱላው አለች። ስለ ዶሮዋ አለች። ስለ እጁ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ።

«ስሙን እወቁልኝ… ጥሩት… እንደ…»

እንቅልፍ ወሰዳት።

ይመር ብርድ ልብሱን አስተካከለላት። ግጥሙ ግን መሐል ላይ ተቋርጦ ሊቀር ነው! ይመር ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቱን አንሥቶ አያነበው ነገር።

ቢሆንም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። አንዴ፣ ሁለቴ ሞከረው። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ከድጃ!» አለ። «ከድጃ፣ በቃሌ ያዝኩት! መጨረሻውን ልንገርሽ?»

«ዝግ በል እንጂ፣ ትቀሰቅሳታለህ!» አለች ከድጃ እየሳቀች።

ይመር ጎንበስ ብሎ ልጁን ግንባሯ ላይ ሳማት። ጆሮዋ ሥርም በሹክሹክታ ግጥሟን ጨረሰላት።

«ፍራሽ አዳሽ ይመር የሐዋ አባት ነውና።»